ከአንገት የሚነሳ ራስ ምታት፦ ቤት ውስጥ በእጅ እንዴት እንደሚላላ

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ሰፈር ውስጥ ግን የምታወቀው "ማሳጅ የሚሰራው ልጅ" በሚል ነው። ስሙ አይከፋኝም፣ ሰው በሬን የሚያንኳኳው በዚያ ስም ነው። ከሚያንኳኩት ብዙዎቹ ታዲያ ወገቤን ወይም ጉልበቴን አይሉኝም። ራሴን ነው የሚሉኝ። "ራሴን ያመኛል፣ እዚህ ጋ" ይሉና እጃቸው ግንባራቸው ከመድረሱ በፊት ማጅራታቸውን ይዳብሳል። እኔ የማየው ያቺን እጅ ነው።

ለራስ ምታት እኛ ጋ ስም አይጠፋም። ሳይነስ ነው፣ ምች ነው፣ ብርድ መቶህ ነው፣ ግፊት ነው፣ ሚግሬን ነው። ዳማከሴ ይታሻል። ግንባር በሻሽ ጥፍር ተደርጎ ይታሰራል። ፓራሲታሞል ከሱቅ በፍሬ ይገዛል። አንገትን የሚጠረጥር ግን ብዙ አይገኝም።

ብሎካችን ምድር ላይ ልብስ የሚሰፉ ጎረቤት አሉኝ፣ እትዬ ነው የምላቸው። ለዓመታት ቀኝ ዓይናቸውን ከውስጥ ሲያማቸው ኖሯል። መነፅር ቀይረዋል፣ የሳይነስ መድኃኒት ወስደዋል፣ ፀበል ተጠምቀዋል። አንድ ቀን ሱሪ ላሳጥር ብሄድ "ይሄ ዓይኔ ዛሬም ተነሳብኝ" አሉ። ወዲያው ከኋላቸው በር ላይ ሰው ጠራቸው። ጭንቅላታቸውን አላዞሩም። ከነወንበራቸው ነው የዞሩት።

"እትዬ፣ አንገትዎ አይዞርም እንዴ?"

"ኧረ እሱማ ቆየ፣ ልጄ። ደግሞ አንገት ከዓይን ጋር ምን አገናኘው?"

የሚያገናኘው እንዲህ ነው። አንገታችን ውስጥ 7 አጥንቶች አሉ። ለዚህ ዓይነቱ ራስ ምታት ጥፋተኞቹ ብዙ ጊዜ የላይኞቹ 3 ናቸው፣ መጋጠሚያዎቻቸውና በዙሪያቸው ያሉት ጡንቻዎች። አንደኛው አትላስ ይባላል፣ ጭንቅላትን የተሸከመው እሱ ነው። ሁለተኛው አክሲስ ነው። ጭንቅላታችንን ወደ ጎን ስናዞር ከዙረቱ ግማሽ ያህሉን የሚሰጡን እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ከነዚህ አጥንቶች አካባቢ የሚመጡት ነርቮች፣ ከግንባርና ከዓይን ዙሪያ ከሚመጣው ነርቭ ጋር አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ፣ የአከርካሪው ነርቭ መጀመሪያ ላይ። ግቢ ተከራይቶ የኖረ ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል። ሦስት ቤቶች አንድ የመብራት ቆጣሪ ሲጋሩ ቆጣሪው ማን ምድጃ እንደለኮሰ አያውቅም፣ መቁጠር ብቻ ነው። አንጎልም ከአንገት የመጣውን ሕመም ከዓይን ወይም ከግንባር የመጣ አድርጎ ይቆጥረዋል። ለዚህ ነው መነፅር የማይፈታው።

ሕመሙ የራሱ የሕክምና ስም ያገኘው በ1983 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ኖርዌያዊው የነርቭ ሐኪም ኦታር ሾስታድ ነው "ሰርቪኮጄኒክ ራስ ምታት" ብሎ የሰየመው። ከአንገት የሚመነጭ ማለት ነው።

መጀመሪያ፣ እጅ የማይነካቸው

ይሄን ሳታነቡ ወደ ታች አትለፉ። እለምናችኋለሁ።

ራስ ምታቱ እንደ መብረቅ በድንገት ከመጣና በደቂቃ ውስጥ "በሕይወቴ እንዲህ አሞኝ አያውቅም" የሚያሰኝ ከሆነ፣ ማሸት የለም፣ ሆስፒታል ነው። ትኩሳት ኖሮ አንገት ከደረቀ፣ ብርሃን ካስጠላ፣ ሰውየው ከቃዠ ወይም ካስመለሰው ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል፣ ይሄም በሌሊትም ቢሆን የሚኬድበት ነው። አፍ ከተጣመመ፣ ምላስ ከተሳሰረ፣ እጅ ወይም እግር ከሰነፈ፣ አንድ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ እንደ ሰከረ ሰው ካንገዳገደ፣ እንደዚያው። ከመኪና አደጋ ወይም ከውድቀት በኋላ የመጣ የአንገት ሕመም ራጅ ሳይነሳ አይነካም። ከ50 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረ ራስ ምታት፣ ነፍሰ ጡር ላይ የመጣ ከባድ ራስ ምታት፣ ካንሰር ወይም ኤችአይቪ ያለበት ሰው ላይ አዲስ የመጣ ራስ ምታት መጀመሪያ ሐኪም ያየዋል። የመገጣጠሚያ ቁርጥማት በሽታ ወይም የአጥንት መሳሳት ያለበት ሰውም አንገቱን ለማንም አይስጥ፣ ሐኪሙ ሳይፈቅድ።

አንድ ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። ከዚህ በፊት ከሚያውቀው የተለየ፣ በአንድ ጎን አንገት ላይ በድንገት የመጣና ራስ ምታትና ማዞር ያስከተለ ሕመም ከደም ስር ሊሆን ይችላል። እሱን የነካ እጅ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም።

ከአንገት መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?

ብዙ ጊዜ ከማጅራት ወይም ከራስ ቅል ስር ይጀምርና ወደ ፊት ይመጣል፣ ወደ ጆሮ ጀርባ፣ ወደ ግንባር፣ ወደ ዓይን። አንድ ጎን ይመርጣል፣ ከዚያ ጎን አይለቅም። ሚግሬን ዛሬ ቀኝ ከሆነ በሌላ ቀን ግራ ሊሆን ይችላል። የአንገቱ ግን ቀኝ ከሆነ ቀኝ ነው። እንደ ልብ ምት ድው ድው አይልም፣ ድብን ያለ፣ የሚጫን ዓይነት ነው። አንገት ሲንቀሳቀስ ወይም በአንድ ሁኔታ ብዙ ሲቆይ ይነሳል። ልብስ ስትሰፉ፣ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብላችሁ ስታጥቡ፣ ሚኒባስ ውስጥ አንገት ተንጠልጥሎ እንቅልፍ ሲወስዳችሁ። አንዳንዴ ያው ጎን ትከሻና ክንድም ያማል።

ማስመለስና ብርሃን መጥላት ከበዛበት ግን ሚግሬንን አስቡ። ሚግሬን ራሱ አንገትን ያሳምማል፣ ስለዚህ አንገት አመመኝ ማለት ብቻ በቂ ምስክር አይደለም።

አንድ ቀላል ፈተና አለ፣ እኛም የምንጠቀምበት። ሰውየው በጀርባው ይተኛል። ሌላ ሰው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ቀስ ብሎ አገጩ ደረቱን እስኪጠጋ ያጎነብሰዋል። እንደተጎነበሰ ወደ ቀኝ ቀስ ብሎ ያዞረዋል፣ ከዚያ ወደ ግራ። ሲያግድ ያቆማል፣ አይገፋም። እንዲህ ሲጎነበስ የታችኞቹ አጥንቶች ይቆለፉና የሚዞሩት አትላስና አክሲስ ብቻ ይሆናሉ። ጤነኛ አንገት ወደ እያንዳንዱ ጎን 44 ዲግሪ ያህል ይዞራል። ከ32 በታች ከሆነ ተጠርጣሪው ተገኘ። ዲግሪ መለኪያ ከየት ይመጣል ለምትሉ፣ የግድግዳ ሰዓት አስቡ። በሁለት ቁጥሮች መሀል ያለው ርቀት 30 ዲግሪ ነው። አፍንጫው አንድ ቁጥር ያህል ብቻ ሄዶ ከታገደ ጠጥሯል ማለት ነው፣ አንድ ተኩል ከሄደ ደህና ነው። ዋናው ግን ሁለቱን ጎን ማስተያየት ነው። እትዬ ወደ ግራ ደህና ዞሩ። ወደ ቀኝ ግን ገና ከመጀመራቸው ቆሙ፣ "እሷ ናት" አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው።

አታስጠምዝዙ

ስለዚህ ነገር ሳልናገር ብቀር ያንገበግበኛል። የአክስቴ ልጅ አንድ ፀጉር ቤት ተቆርጦ ሲጨርስ፣ ልጁ ትከሻውን አሸት አሸት አደረገና ሳይነግረው አገጩን ይዞ ቀጭ አደረገው። ደስ አለው፣ ለትንሽ ጊዜ። ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ ሲነሳና ሲቀመጥ አዞረው። ደግነቱ ለቀቀው። ወጌሻ ጋ ሄደው እንዲሁ ተጠምዝዘው ወደ እኔ የመጡም አሉ።

ለምን እንደምጮህ ልንገራችሁ። ወደ አንጎል ደም ከሚወስዱት ቧንቧዎች ሁለቱ የሚያልፉት በአንገት አጥንቶቹ ቀዳዳ ውስጥ ነው፣ በግራና በቀኝ። አትላስ ጋ ሲደርሱ ይታጠፉና ነው ወደ ራስ ቅል የሚገቡት። በድንገትና በኃይል ሲጠመዘዝ አንዳንዴ የቧንቧው ግድግዳ ሊቀደድ ይችላል፣ ከዚያ ስትሮክ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም። የሚያጋጥመው ሰው ግን ወጣት ሊሆን ይችላል፣ ጤነኛ ሆኖ የገባ። ደግሞም "ቀጭ" የሚለው ድምፅ አጥንት ቦታው ገባ ማለት አይደለም፣ በመጋጠሚያው ውስጥ ያለው አየር ነው። አንገታችሁን የሚነካ ሰው ቀስ ማለት ካላወቀ "በቃ፣ ተወው" በሉት። ማፈር የለም።

እጅ እንዴት እንደሚቀመጥ

ቤት ውስጥ የትዳር ጓደኛ፣ እህት ወይም ያደገ ልጅ ሊያደርገው የሚችለው ይሄ ነው። ከሁሉም የምወደው እሱን ነው።

ታማሚው በጀርባው ይተኛ። ትራሱን አውጡት። እናንተ በራስጌ በኩል ተቀመጡ፣ ክርናችሁ ፍራሹ ላይ ይረፍ። ክርን ካላረፈ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ ላይ ደግሞ ማንም ጭንቅላቱን አምኖ አይጥልም። ቀዝቃዛ እጅም አይሆንም፣ አሹትና አሙቁት።

መዳፋችሁን ወደ ላይ አድርጋችሁ ከጭንቅላቱ ስር አስገቡ። በጣት ጫፍ የራስ ቅሉን ጠርዝ ፈልጉ፣ ከኋላ ጠንካራው አጥንት የሚያበቃበትን። ከዚያ አንድ ጣት ያህል ወደ ታች ስትወርዱ ለስለስ ያለ ጉድጓድ ታገኛላችሁ። የሁለቱን እጆች አራት አራት ጣቶች እዚያ አቁሟቸው፣ ጫፋቸው ወደ ጣሪያ እያየ። ከዚያ ዝም በሉ። አትጫኑ፣ አትሹ። የሚጫነው ጭንቅላቱ ራሱ ነው። 5 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት አለው፣ ለሥራው ይበቃል።

መጀመሪያ ከጣታችሁ ስር ያለው ነገር እንደ ደረቀ ጠፍር ነው። ሰውየውም ጭንቅላቱን ሳያውቀው ይዞ ያግዛችኋል፣ "ጣለው፣ እኔ ይዤዋለሁ" በሉት። አንድ ደቂቃ ያልፋል፣ ምንም የለም። ሁለት ደቂቃ አካባቢ ጣታችሁ እንደ ቦካ ሊጥ ውስጥ ቀስ እያለ መግባት ይጀምራል። ትንፋሹም ይለወጣል፣ ይረዝማል። እዚያ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቸኩለው፣ ላላ ብሎ እጁን የሚያነሳው። አታንሱ። ሦስት፣ አራት ደቂቃ ቆዩ።

እትዬን ስይዛቸው ደቂቃ ሳይሞላ "እዛ ጋ! ዓይኔ ውስጥ ገባ" አሉኝ። ጣቴን አላንቀሳቀስኩም። "አሁንስ?" አልኳቸው ትንሽ ቆይቼ። "እየሄደ ነው" አሉ። ጥሩ ምልክት ማለት ይሄ ነው። የምታውቁት ሕመም ይነሳና፣ እጁ ሳይንቀሳቀስ፣ ራሱ እየቀነሰ ይሄዳል። ካልቀነሰ፣ ወይም እየባሰ ከሄደ፣ ወይም ካዞረ፣ አቁሙ። ሕመሙን ከ10 ስጠው ብትሉት ከ3 ወይም ከ4 መብለጥ የለበትም። ጥርስ ነክሶ የሚቻል ነገር አይደለም።

ከላላ በኋላ ጭንቅላቱን በሁለት እጅ አቅፋችሁ ወደራሳችሁ ሳብ አድርጉት። ሳብ ስል፣ ከእንቅልፉ እንዳይነቃ የምትፈልጉትን ሕፃን እንደምታቀርቡት ነው። 10 ሰከንድ ያዙ፣ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ሦስት ጊዜ ይበቃል።

ከዚያ በትከሻና በአንገት መሀል ያለውን ሥጋ በአውራ ጣትና በሌሎቹ ጣቶች ቆንጠጥ አድርጋችሁ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ያዙት፣ ሁለቱንም ጎን። ትንሽ ቫዝሊን ብትቀቡ ይመቻል። በፊት በኩል፣ ከጉሮሮ ጎን፣ የደም ምት የሚሰማችሁ ቦታ ላይ ግን ጣታችሁ አይድረስ።

ብቻውን የሚኖር ሰውስ? ሁለት ትንንሽ ኳሶች ካልሲ ውስጥ አጠጋግታችሁ ቋጥሩ። የቴኒስ ከተገኘ ጥሩ፣ ካልተገኘ ልጆች የሚሰሩት የካልሲ ኳስ ጠበቅ ተደርጎ ከተሰራ ይሆናል። ወለል ላይ ምንጣፍ ነገር አንጥፉና ኳሶቹን ያው ጉድጓድ ላይ አድርጋችሁ ተኙበት። 5 ደቂቃ።

ፎጣው

ይሄኛው የኒውዚላንዱ ፊዚዮቴራፒስት ብራያን ማሊጋን ካመጣቸው ስልቶች የተወሰደ ነው። ለጠጠረው መጋጠሚያ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስታደርጉት የሚያውቅ ሰው ቢያሳያችሁ እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ቦታው አንድ ጣት ከሳተ ጥቅም የለውም።

ስስ ፎጣ ውሰዱ፣ ወፍራም አይሆንም። ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ። የፎጣውን ጠርዝ ከማጅራታችሁ አናት፣ ልክ ከራስ ቅሉ ስር አድርጉት። አንገታችሁ ወደ ቀኝ ነው የማይዞረው እንበል። በግራ ጉንጫችሁ በኩል የመጣውን ጫፍ በቀኝ እጃችሁ ያዙ። በቀኝ በኩል የመጣውን ጫፍ በግራ እጃችሁ ይዛችሁ ደረታችሁ ላይ አጥብቁት፣ እሱ አይንቀሳቀስም። አሁን በቀኝ እጃችሁ ፎጣውን በጉንጫችሁ ላይ አግድም ወደ ፊት እየሳባችሁ ጭንቅላታችሁን ቀስ ብላችሁ ወደ ቀኝ አዙሩ። ፎጣው የአትላስን ግራ ጎን ወደ ፊት ያግዘዋል። መጨረሻው ላይ 3 ሰከንድ ያህል ቆዩ፣ ፎጣውን ሳትለቁ ተመለሱ። ወደ ግራ ለማይዞር ሁሉንም ገልብጡት።

ዋናው ሕግ፣ ምንም አያምም። ጭራሽ። ካመመ የፎጣው ቦታ ወይም የሳባችሁበት አቅጣጫ ልክ አይደለም፣ ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ አድርጉት። አሁንም ካመመ ተዉት። መጀመሪያ ላይ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ጠዋትና ማታ። ቶሎ ለመዳን ብሎ ሃምሳ ጊዜ ያደረገ አውቃለሁ፣ በማግስቱ ጭራሽ አንገቱን ማንቀሳቀስ አልቻለም።

ትንሿ "እሺ"

እጅ ያላላውን ነገር ጡንቻ ካልያዘው በሳምንቱ ይመለሳል። ይሄን ሰዎች አይወዱትም። መታሸት ይወዳሉ፣ ስፖርት ሲባል ፊታቸው ይጠቁራል። ግን በ2002 እንደ ፈረንጆቹ አውስትራሊያ ውስጥ ግዌንዶሊን ጁልና ባልደረቦቿ 200 ሰዎች ላይ ባደረጉት ጥናት የእጅ ሕክምናውም ስፖርቱም ራስ ምታቱን ቀንሰዋል፣ ውጤቱም ከዓመት በኋላ አልጠፋም። ሕክምናው የፈጀው 6 ሳምንት ነበር። ለዚህ ነው በአንድ ቀን ልትድኑ አትጠብቁ የምለው።

ስፖርቱ ላብ የለውም። በጀርባችሁ ተኙ፣ ጉልበታችሁን እጠፉ፣ ከጭንቅላት ስር የታጠፈ ፎጣ ብቻ። ለትልቅ ሰው በአክብሮት "እሺ" እንደምትሉ አገጫችሁን በትንሹ ወደ ጉሮሯችሁ ሰብሰብ አድርጉ። ጭንቅላት ከፎጣው አይነሳም፣ በፎጣው ላይ ይንሸራተታል እንጂ። ጣታችሁን በአንገታችሁ ፊት በግራና በቀኝ ባሉት ገመድ መሰል ጡንቻዎች ላይ አድርጉ። እነሱ ከተገተሩ አበዛችሁት። የምንፈልገው ከነሱ ጀርባ፣ ከአጥንቱ ጋር ተለጥፈው ያሉትን ትንንሾቹን ነው፣ አንገት ያመመው ሰው ላይ እነሱ ይሰንፋሉ። 10 ሰከንድ መያዝ፣ 10 ጊዜ፣ በቀን ሁለቴ። 10 ሰከንድ ካልቻላችሁ በ3 ጀምሩ፣ ችግር የለውም።

ተቀምጣችሁ ደግሞ የትከሻ አጥንቶቻችሁን ወደ ኋላና ወደ ታች ሰብሰብ አድርጋችሁ ትንሽ መቆየት ልመዱ። ወረፋ ላይም ይሆናል።

መንገዱ፣ ጀሪካኑ፣ በርጩማው

እኛ ዳር ላይ የምንኖር ሰዎች አንገት የተለየ ነገር ያጋጥመዋል። ከቱሉ ዲምቱ በቃሊቲ አድርጎ ከተማ ለመግባት መንገዱ ከተዘጋ ሁለት ሰዓትም ይሄዳል፣ መመለሻው ደግሞ እንዲሁ። በዚያ ውስጥ ግማሻችን አንገታችንን ደፍተን ስልክ ላይ ነን፣ ግማሻችን እንቅልፍ ወስዶን አንገታችን እንደ ጠወለገ አበባ ተንጠልጥሏል፣ የኋላ ወንበር የደረሰው ደግሞ ጣሪያው አላስቀምጥ ብሎት ጎብጧል። ነጠላ ወይም ሻርፕ ካላችሁ ጠቅልላችሁ አንገታችሁ ዙሪያ አድርጉት፣ አገጫችሁ የሚያርፍበት ያገኛል። ስልኩን ቦርሳችሁን ጭናችሁ ላይ አስቀምጣችሁ እሱ ላይ ከፍ አድርጉት። መስኮት ከፍታችሁ አትተኙ ግን አልልም። ነፋሱ ሳይሆን አንገቱ የዋለበት ሁኔታ ነው የሚያሳምመው፣ በ"ብርድ መታኝ" እናቶቻችን ቢቆጡኝም።

ውሃ ስትጠፋ ደግሞ ጀሪካን አለ። ባለ 20 ሊትሩ ሞልቶ 20 ኪሎ ነው፣ በአንድ እጅ ተንጠልጥሎ አራተኛ ፎቅ ሲወጣ የአንዱ ጎን የትከሻ ጡንቻ በሙሉ የራስ ቅሉን ወደ ታች ይጎትተዋል። ባለ 10 ሊትር ሁለት ይሻላል፣ በሁለት እጅ። በጀርባቸው እንጨት ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱትን እናቶች አይታችኋል? ወገባቸው ተጎንብሶ መንገዱን ለማየት አገጫቸውን ቀና ያደርጋሉ። የአንገት የላይኛው ክፍል እንደታጠፈ ነው ያን ሁሉ ቁልቁለት የሚወርደው። ከነሱ አንዷ ራሴን አመመኝ ስትል ሸክሙን ሳይጠይቅ ኪኒን የሚሰጥ ሰው ያሳዝነኛል።

በርጩማም እንዲሁ ነው። ዝቅ ብሎ ተቀምጦ ቡና መቁላት፣ ሽንኩርት መክተፍ፣ እየሰሩ ደግሞ ቀና ብሎ ከቆመ ሰው ጋር ማውራት። በርጩማውን ከፍ ባለው ቀይሩት፣ በየ20 ደቂቃው ተነሱ። ሲተኙ አንድ ትራስ ይበቃል፣ በሆድ መተኛት ግን ሌሊቱን ሙሉ አንገትን አዙሮ ማሳደር ነው።

ስለ ኪኒኑ

ፓራሲታሞል መዋጥ ኃጢአት አይደለም። ግን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከ3 ወር በላይ ሲወሰድ፣ ኪኒኑ ራሱ ራስ ምታት ሊፈጥር ይችላል። በየወሩ ስንት ቀን እንደዋጣችሁ የግድግዳ ካላንደር ላይ ምልክት አድርጉ። ያው ካላንደር ራስ ምታቱ እየቀነሰ መሆኑንም ይነግራችኋል። "ያው ነኝ" ብሎ የሚመጣ ሰው ካላንደሩን ስናይ ከሳምንት አምስት ቀን ወደ ሁለት የወረደ ሆኖ አግኝቼ አውቃለሁ፣ ሕመም ሲቀንስ ሰው አይቆጥርም።

ሦስት ሳምንት በትክክል ሰርታችሁ ምንም ለውጥ ከሌለ ፊዚዮቴራፒ ያለበት ጤና ተቋም ሂዱ። እዚያ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣት እየፈተሹ፣ በቀስታ እየገፉ የሚያላሉበት ሌላ ሥራ አለ፣ በጽሑፍ የማይተላለፍ። ስትሄዱ ስንት ጊዜ መምጣት እንዳለባችሁና ቤት ምን እንደምትሰሩ ጠይቁ። ስለ ቤት ሥራ ምንም ካልነገሯችሁ ሌላ ፈልጉ።

እትዬ የልብስ ስፌት ማሽናቸው ጠረጴዛ እግሮች ስር ጡብ ደርድረን ከፍ አደረግነው፣ አሁን እንደ ድሮው አያጎነብሱም። ማታ ማታ ልጃቸው ራስጌያቸው ተቀምጣ ትይዝላቸዋለች። መጀመሪያ ሰሞን ትቸኩል ነበር፣ አሁን ከእኔ በላይ ትታገሳለች። ዓይናቸውን አሁንም አልፎ አልፎ ያማቸዋል፣ በተለይ የበዓል ልብስ ሲበዛ። ባለፈው በራቸው ላይ ቆሜ ስጠራቸው ግን ወንበሩ አልተንቀሳቀሰም፣ በቀኝ ትከሻቸው ላይ ዞረው አዩኝ።